«ቁም» የማለት ሥራ

በጎጃም፣ ሉማሜ ላይ አንድ አውቶቡስ ሲነሣ የሚደክምበትን ሰው ሁሉ ቆሞ ማየት ይቻላል። ተራ አስከባሪው ይጣራል፣ ጫኙ ጆንያውን ጣሪያ ላይ ያወጣል፣ ረዳቱ ታኮውን ከጎማ ሥር ያነሣል፣ ሾፌሩ ቡናውን ጨልጦ ይገባል። አውሮፕላንም የሚነሣው በዚሁ ዓይነት የሰው ብዛት ነው። መንገደኛው ግን ከመስታወት ጀርባ ተቀምጦ ስለሚጠብቅ፣ ዓይኑ ውስጥ የሚቀሩት ፓይለቱና የበረራ አስተናጋጇ ብቻ ናቸው። ስለዚህ የእኛ አገር ልጅ «አየር መንገድ መግባት እፈልጋለሁ» ሲል በልቡ ያለው ከሁለቱ አንዱ ነው። ቁመቱ ወይም የፈተና ውጤቱ ካልደረሰ «አልሆነልኝም» ብሎ ይተወዋል።

መተው የለበትም። ጉዳዩ ለእኛም እየቀረበ ነው፤ በደብረ ማርቆስ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ስም የሚጠራ የአውሮፕላን ማረፊያ ግንባታ ተጀምሯል። ቦሌ ተስፋፍቶ በ2011 ዓ.ም. ሲመረቅ የተነገረለት አቅም በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ ነበር፤ በቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ ላይ የታቀደው አዲሱ ማረፊያ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ሲያልቅ ከ100 ሚሊዮን በላይ እንዲያስተናግድ ታስቧል። ይህን ሁሉ ሕዝብ ፓይለት ብቻውን አያጓጉዘውም። ሻንጣ የሚጭን፣ ነዳጅ የሚሞላ፣ ወንበር የሚያጸዳ፣ ሣር የሚያጭድ፣ ወፍ የሚያባርር፣ ዊልቸር የሚገፋ፣ ክብደት የሚያሰላ ሰው ያስፈልጋል።

ሰው እነዚህን ሥራዎች ጠቅልሎ «የጉልበት ሥራ» ይላቸዋል። አልስማማም። ጉልበት ይጠይቃሉ፣ እውነት ነው። ዋናው ተፈላጊ ግን ዓይንና አፍ ነው። ያልተስተካከለውን ማየት፣ ያዩትንም ለበላይ ሳይፈሩ መናገር። ማረፊያ ውስጥ ታኮ የሚያስገባው ሠራተኛ እንኳ «ቁም» ብሎ አውሮፕላን ማስቀረት ይችላል። እንዲህ ያለ ሥልጣን ለጀማሪ ሠራተኛ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ብዙ አላውቅም።

አንድ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር መጥቶ ቦሌ ሲቆም የሚሆነውን እንከተል። የሚያበራ ዱላ በሁለት እጁ የያዘ ሠራተኛ፣ ማርሻለር የሚሉት፣ ፓይለቱን እየመራ መስመሩ ላይ ያቆመዋል። ፓይለቱ ከመቀመጫው ሆኖ የራሱን ጎማ አያይም፤ የሚያምነው ያንን ሰው ነው። ታኮ ይገባል። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ከሆዱ ሥር የሚብለጨለጨው ቀይ መብራት እስኪጠፋ ሌላ ማንም አይጠጋም። መብራቱ ሲጠፋ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይከበዋል፤ ደረጃው፣ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ጄኔሬተር፣ ሻንጣ የሚያወርደው ተንቀሳቃሽ ቀበቶ፣ የነዳጁ መኪና፣ የምግቡ መኪና፣ መጸዳጃ ቤቱን የሚመጥጠው መኪና፣ ንጹሕ ውኃ የሚሞላው መኪና። እነዚህ የመጨረሻ ሁለቱ ዘመድ ይመስላሉ እንጂ መገናኘት የለባቸውም፤ ቆሻሻውን ቱቦ የያዘ እጅ የመጠጥ ውኃውን ቱቦ አይነካም። ውስጥ ደግሞ ጽዳቶቹ አሉ። እነሱ የሚያነሡት ብስኩት ብቻ አይደለም፤ ከመቀመጫ ሥርና ከኪስ ውስጥ የተተወ እንግዳ ዕቃ ካለ መጀመሪያ የሚያየው የእነሱ ዓይን ስለሆነ፣ ሥራቸው ግማሹ ፍተሻ ነው። ለአገር ውስጥ በረራ ለዚህ ሁሉ ያለው ጊዜ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም።

የዚህን ሥራ ክብደት ለጎጃም ሰው ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባሕር ዳር በኩል ወደ አሥመራ ይጓዝ የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ሲነሣ የእርግብ መንጋ ውስጥ ገባ። ወፎቹን ሁለቱም ሞተሮች ሳቧቸው። ፓይለቶቹ ወደ ማረፊያው ለመመለስ ሞከሩ፤ ሞተሮቹ ግን ከዱ፣ አውሮፕላኑ ሜዳ ላይ በሆዱ አርፎ በእሳት ተያያዘ። ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ማረፊያው ዛሬ በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም ይጠራል። እርግቦቹም ዛሬ ባሕር ዳር ላይ አሉ።

ወፍ መከላከል ስለዚህ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ሠራተኛው ከበረራ በፊት መንደርደሪያውን እየዞረ ያያል፣ በድምፅ ያባርራል፤ የበለጠውን ጊዜ የሚያጠፋው ግን ወፉ ለምን እንደመጣ በማጥናት ነው። ሣሩ ሲረዝም ፌንጣና ፍሬ ይበዛል። ከአጥሩ ውጪ ቄራ ወይም የቆሻሻ መጣያ ካለ ጥንብ አንሳ ይሰበሰባል። አጠገቡ አውድማ ካለ እርግብ ይመጣል። የከተማ ልጅ ይህን ከመጽሐፍ ይማረዋል። ወደ ቆላው ወረድ ብሎ ማሽላ የጠበቀ፣ ማማ ላይ ወንጭፉን ይዞ የዋለ ልጅ ግን ወፍ በማለዳና ወደ ማታ ላይ እንደሚበረታ፣ የተባረረ መንጋ ዞሮ የት እንደሚያርፍ፣ አንድ ዓይነት ድምፅ ሲደጋገምበት እንደሚንቀው ያውቃል። ይህ ዕውቀት ቃለ መጠይቅ ላይ የሚነገር እንጂ የሚደበቅ አይደለም። «እረኛ ነበርኩ» ማለት የሚያሳፍረው ሰው፣ እረኝነት በዚህ ሙያ የሥራ ልምድ መሆኑ አልገባውም።

የከብቱም ነገር እንዲሁ ነው። በትንንሽ ማረፊያዎች አጥር ጠባቂ ማለት በከፊል ላምና አህያ አስወጪ ማለት ነው። እዚህ ላይ ከሽቦው ይልቅ የሚሠራው አንደበት ነው። ሽማግሌውን ገበሬ «ኧረ ውጣ!» ብሎ ከሚጮኸው ጠባቂ ይልቅ «አባቴ፣ ደኅና ዋሉ፤ ሁለት ሰዓት ላይ አውሮፕላን ስላለ ከብቶቹን በወዲያ በኩል ቢያዞሩልኝ» የሚለው በሳምንቱ መንደሩን ሁሉ ረዳት ያደርጋል።

ከወፍ ቀጥሎ ያለው ጠላት መሬት ላይ የወደቀ ነገር ነው። ሠራተኞቹ «ፎድ» ይሉታል፤ ብሎን፣ የሻንጣ ጎማ፣ ፌስታል፣ ሽቦ፣ ጠጠር። ሐምሌ 18 ቀን 1992 ዓ.ም. ከፓሪስ የተነሣው ኮንኮርድ ጎማው የፈነዳው፣ ከእርሱ ቀደም ብሎ የተነሣ ሌላ አውሮፕላን መንደርደሪያው ላይ ጥሎት በሄደ ግማሽ ሜትር በማይሞላ ብረት ነው። የጎማው ስባሪ የነዳጁን ማጠራቀሚያ መታ፣ እሳት ተነሣ፣ በውስጡ የነበሩት 109 ሰዎችና መሬት ላይ የነበሩ 4 ሰዎች ሞቱ። ስለዚህ ሠራተኞች ተሰልፈው መሬት መሬቱን እያዩ ሲሄዱ ብታዩ አትሳቁ። ሥራ ከጀመራችሁ በኋላም አንድ ልማድ ያዙ፤ የወደቀ ነገር ካያችሁ «የእኔ ክፍል አይደለም» ሳትሉ አንሡት፣ ከአውሮፕላን አካል የወጣ የሚመስል ከሆነ ደግሞ ሳትጥሉት ለኃላፊ አሳዩት።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ።

እኛ ያደግነው ታላቅ ሲናገር ዝም ማለት ጨዋነት በሆነበት ቤት ነው። ይህ ለሠርግና ለሽምግልና ጥሩ ነው። ራምፕ ላይ፣ ማለትም አውሮፕላኑ ቆሞ በሚጫንበትና በሚራገፍበት ቦታ ላይ ግን ሰው ይገድላል። አራት የወርቅ መስመር ትከሻው ላይ ያለውን ካፒቴን የ20 ዓመት ሻንጣ ጫኝ ማስቆም ይኖርበታል። ብዙዎቻችን በዚያች ሰዓት የሚወጣን ቃል እንዲህ ያለ ነው፦ «ይቅርታ ጌታዬ፣ ምናልባት እኔ ተሳስቼ ይሆናል እንጂ፣ እንዲያው የሆነ ነገር ያየሁ መስሎኝ…»። ካፒቴኑ ይህን ሲሰማ ሐሳቡ ወደ ሰዓቱ ይመለሳል። የሚሻለው ይህ ነው፦ «ካፒቴን፣ ከቀኙ ሞተር ሥር ፈሳሽ ይንጠባጠባል። አሁን ነው ያየሁት። ይዩልኝ።» ምን፣ የት፣ መቼ። አክብሮቱ «ይዩልኝ» ውስጥ አለ፤ ተጨማሪ መሽኮርመም አያስፈልግም። ቤት ውስጥ ድምፅ አውጥታችሁ ተለማመዱት፤ ቀልድ ይመስላል፣ ግን ያልተለማመደ አፍ በዚያች ሰዓት አይከፈትም።

የራስን ጥፋት መናገር ደግሞ ከዚህም ይብሳል። የምግብ መኪና ወይም የሻንጣ ቀበቶ እየነዳችሁ የአውሮፕላኑን ጎን ነካ ብታደርጉ፣ ከላይ ምንም አይታይም ይሆናል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2004 ዓ.ም. በአፍሪካ ቀዳሚ ሆኖ የተረከበው ቦይንግ 787ም፣ በ2008 ዓ.ም. የጀመረው ኤርባስ ኤ350ም ገላቸው በአብዛኛው ከብረት ሳይሆን ከካርቦን ፋይበር የተሠራ ነው። ብረት ሲመታ ይጎደጉዳል፣ ያስታውቃል። ይህኛው ግን ላዩ ደኅና መስሎ ውስጡ ሊላቀቅ ይችላል፤ የሚታወቀው ቴክኒሻን በመሣሪያ ሲፈትሸው ነው። አውሮፕላኑ 10 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሲደርስ ውስጡ እንደ ኳስ ስለሚነፋ ያችን የተደበቀች ስንጥቅ ይፈልጋታል። መናገር ቅጣት ያመጣ ይሆን? ሊያመጣ ይችላል። ነገር ግን በዚህ ሙያ ስሕተቱን በራሱ አንደበት ያስታወቀና ሸሽጎ የተያዘ ሰው በአንድ ዓይን አይታዩም፤ የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ሥልጠና ይጨመርለታል፣ ሁለተኛው ይባረራል።

ወደ ነዳጅ እንለፍ። የነዳጅ ሥራ የሚወደው ሒሳብ የሚችል ልጅ ነው። ነዳጁ ከመኪናው ሲወጣ በሊትር ይለካል፣ ፓይለቱ የሚፈልገው ግን በኪሎ ነው፤ አንድ ሺህ ሊትር የአውሮፕላን ነዳጅ በግምት 800 ኪሎ ይመዝናል። በ1975 ዓ.ም. ካናዳ ውስጥ አንድ ቦይንግ 767 በዚህ ሒሳብ ላይ ኪሎና ፓውንድ ተምታቶበት ከሚያስፈልገው ግማሽ በታች ነዳጅ ይዞ ተነሣ። ሰማይ ላይ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። ካፒቴኑ የተንሸራታች አውሮፕላን ልምድ ስለነበረው ጊምሊ በምትባል ቦታ የቀድሞ የአየር ኃይል ማረፊያ ላይ አሳርፎት 69ኙም ሰዎች ተረፉ። ሒሳቡን ብዙ ሰው አይቶት ነበር። ቁጥሩ ብቻ ሲታይ ትክክል ይመስላል፤ ከቁጥሩ ጎን ያለውን መለኪያ ያነበበ አልነበረም። የዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ አስተማሪያችሁ መለኪያ ሳትጽፉ ስትቀሩ ነጥብ የቀነሱባችሁ ያለ ምክንያት አይደለም።

ጭነትን በተመለከተ ደጋ ላይ የምንኖር ሰዎች ልናውቀው የሚገባ ነገር አለ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፎ ነው ያለው፤ ደብረ ማርቆስም ከዚያ ዝቅ አይልም። አየሩ ሲሳሳ ክንፉ የሚሸከመው፣ ሞተሩም የሚገፋው ይቀንሳል። ለዚህም ነው ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ ለዓመታት መንገድ ላይ ወርዶ ነዳጅ ሲሞላ፣ ሲመለስ ግን ከዝቅተኛው ቦታ ስለሚነሣና ነፋሱም ስለሚያግዘው በቀጥታ ሲመጣ የኖረው። እንዲህ ባለ ከፍታ እያንዳንዱ ኪሎ በስሌት ነው የሚገባው። ስሌቱን የሚሠራው ሎድ ኮንትሮል የሚባለው ክፍል ሲሆን፣ ይህን ያህል ሻንጣ ከፊት፣ ይህን ያህል ከኋላ ብሎ ይወስናል። ጫኙ የኋላው በር ስለቀረበው ብቻ የፊቱን ሻንጣ ከኋላ ቢከምረው፣ ፓይለቱ የያዘው ወረቀት ውሸት ይሆናል፤ ጅራቱ የከበደ አውሮፕላን ደግሞ አፍንጫውን አልታዘዝም ይላል። «ያው አንድ ሆድ ውስጥ አይደል የሚገባው?» የሚል ጫኝ ገና አልሠለጠነም።

ቼክ ኢን ላይ የምትቆሙ ከሆነ የምትጣሉት ከዘመድ ጋር ነው። ለልጃቸው ቅቤ፣ በርበሬና ሽሮ ይዘው የመጡ እናት ሻንጣቸው ከ23 ኪሎ አልፎ ሲገኝ ሚዛኑን ሳይሆን እናንተን ይቆጣሉ። ጠበል በትልቅ ጠርሙስ በእጅ ይዘው ዓለም አቀፍ በረራ ሊገቡ ይሉና ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ አይቻልም ሲባሉ እንባ ይመጣል። እዚህ ላይ ደንቡን መድገም ማንንም አይረዳም። «እማማ፣ ጠበሉን ክዳኑን አጥብቀን ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ እናድርገው፤ ፓወር ባንኩን ደግሞ ከዚያ አውጥተው በእጅዎ ይያዙት» የሚል ሰው መንገድ አሳየ። ፓወር ባንክ ከሆድ የሚከለከለው ሊትየም ባትሪ ሲቃጠል የሚያየው ሰው ባለበት እንዲሆን ነው። ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር የቻለ ሠራተኛ ግማሹ ጭቅጭቅ ይቀርለታል።

ከሁሉም ይልቅ ግን የእኛን ልጆች የሚያሰናክለው ሰዓት ነው። እኛ ቀንን ከንጋት እንቆጥራለን፣ ማረፊያ ውስጥ ደግሞ ቀን የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ነው። በዚያ ላይ የበረራ ወረቀቶች በብዛት የሚጻፉት በዓለም አቀፉ ሰዓት ሲሆን፣ የእኛ ሰዓት ከዚያ በሦስት ይቀድማል። ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሚነሣ በረራ ትኬቱ ላይ «ረቡዕ 02፡00» ተብሎ ይጻፋል፤ በዓለም አቀፉ ሰዓት ደግሞ ገና ማክሰኞ 23፡00 ነው። ለአንድ በረራ ሦስት አጻጻፍ። ረቡዕ ማታ ሻንጣውን ይዞ መጥቶ «ዛሬ ሌሊት ነው በረራዬ» የሚል መንገደኛ፣ በረራው ካመለጠው አንድ ቀን ሊሞላው ነው። ሠራተኛ እንደ እርሱ ከተሳሳተ ነገሩ የባሰ ነው፤ ፈረቃውን ይስታል፣ መልእክት አዛብቶ ያስተላልፋል። ከዛሬ ጀምራችሁ ስልካችሁን በ24 ሰዓት አቆጣጠር አድርጉት። በተመሳሳይ መንገድ የማረፊያዎችን ባለሦስት ፊደል መለያ ተለማመዱ፤ አዲስ አበባ ኤ-ዲ-ዲ ነው፣ ባሕር ዳር ቢ-ጄ-አር፣ ጎንደር ጂ-ዲ-ኪው። ከነዚህ ሦስት ፊደሎች አንዷ በስሕተት ስትነበብ ሻንጣ ሊጠፋ ይችላል። የሬዲዮውን ፊደል አጠራርም፣ አልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ እያላችሁ እስከ ዙሉ፣ በቃላችሁ ያዙ፤ ቀላል ነው፣ ፈታኙን ግን ያስደንቃል።

እንግሊዝኛ ይጠየቃል። የሚፈለገው ግን የንግግር ውበት አይደለም፤ የሥራ ካርድ አንብቦ መረዳት፣ በሬዲዮ የሰሙትን ደግሞ ማለት፣ አጭር ሪፖርት መጻፍ ነው።

አካልን በተመለከተ ሳልሸፋፍን ልናገር። ቦሌ ሌሊት አይተኛም፤ ወደ አውሮፓ፣ ወደ እስያና ወደ አሜሪካ የሚሄደው በብዛት ማታና ሌሊት ነው፣ ጠዋት ደግሞ የአፍሪካው ይቀጥላል። ፈረቃ አለ፣ ዓውደ ዓመት የለም። የጆሮ መከላከያውን «ሙቀት ነው» ብሎ የሚያወልቅ ሰው ከዓመታት በኋላ ልጁ ሲጠራው አይሰማም። ሻንጣ በወገብ ሳይሆን በጉልበት ይነሣል፤ ከ32 ኪሎ በላይ የሆነ ሻንጣም አንድ ሰው እንዲያነሣው አይጠበቅበትም፣ አጋር ጥሩ። ለጿሚዎች ደግሞ፣ ዐቢይ ጾም ላይ የሌሊት ፈረቃ ከወደቀባችሁ ከመግባታችሁ በፊት በወጉ ብሉ፣ ውኃ ጠጡ። ራሱን እያዞረው መኪና ወደ አውሮፕላን ክንፍ የሚያስጠጋ ጿሚ ለማንም አይበጅም። ለፈረቃ አለቃችሁ አስቀድሞ መንገር ነውር የለውም።

ሴቶች ልጆች ይህን ሥራ የወንድ ነው ብለው እንዳያልፉት። በኅዳር 2008 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ባንኮክ ያደረገው አንድ በረራ ከፓይለቷ እስከ ራምፕ ሠራተኛዋ በሴቶች ብቻ ተሠርቷል። ያ በረራ በዓል ነበር፤ ራምፕ ላይ የሚሠሩ ሴቶች ግን ዛሬ የዘወትር ናቸው።

መግቢያውን በተመለከተ፣ ሁሉም ሥራ በአንድ በር አይገባም። የአውሮፕላን ጥገናና የመንገደኞች አገልግሎት ሥልጠና በኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ ይሰጣል። የበረራ ተቆጣጣሪነት በሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን፣ የአየር ጠባዩ ምልከታ በሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት፣ የሻንጣ ቀረጥ በጉምሩክ ኮሚሽን፣ ፓስፖርት ማየቱ በኢሚግሬሽን በኩል ነው። አውቶ መካኒክ ወይም ኤሌክትሪክ የተማረ ልጅ የመሬት ላይ መኪናዎችን ጥገና ይጠይቅ፤ በዚያ ራምፕ ላይ ያለው መኪና ብዛቱ የከተማ ያህል ነው። ጽዳትና ጭነት ላይ ስትቀጠሩ ቀጣሪው ራሱ አየር መንገዱ ይሁን ወይም ሠራተኛ የሚያቀርብ ሌላ ድርጅት ከመፈረማችሁ በፊት ለዩ፤ ደመወዙም፣ ሕክምናውም፣ ወደፊት ማደጉም እንደዚያ ይለያያል። መነሻ ደመወዙ ለአዲስ አበባ ቤት ኪራይ እንደማይበቃ አስባችሁ ተነሡ። ሉማሜም ይሁን መርካቶ «ገንዘብ ስጠኝ፣ ቦሌ አስገባሃለሁ» የሚል ደላላ ከመጣ ሻይ ጋብዙትና ሸኙት።

የመጨረሻው የወረቀት ነገር ነው፣ ሰውም የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። አውሮፕላን ወደሚቆምበት ግቢ የሚያስገባው የደረት ባጅ የሚሰጠው ማንነት ተጣርቶ ነው። በፋይዳ መታወቂያችሁ፣ በስምንተኛና በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ካርዳችሁ፣ በኮሌጅ ማስረጃችሁ ላይ የስማችሁ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ አንድ መሆኑን ዛሬውኑ አስተያዩ። «ሙሉዓለም» አንዱ ቦታ በአንድ ፊደል አንሶ፣ ሌላው ቦታ የአያት ስም ቀርቶ ከተገኘ ማስተካከያው ከቀበሌና ከትምህርት ቤት ደብዳቤ ይጠይቃል፣ ሳምንታትም ይወስዳል። ማስታወቂያ የሚወጣው ደግሞ ለጥቂት ቀናት ነው። ከፖሊስ የሚሰጠውን ከወንጀል ነፃ የመሆን ማስረጃም ሲጠየቅ ከየት እንደሚወጣ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የሁሉንም ቅጂ ስልካችሁ ላይ አንሡ፣ ዋናውን ግን አጣጥፋችሁ ኪስ ውስጥ አትክተቱ፣ በፋይል ያዙት።